ሳይነክስ የተቀቀለው ጋቢ

ተረቴን ልጀምር ነው። የሚያሳክከው ካለ አሁኑኑ ይከክ፤ ከመሃል ማቋረጥ የለም።

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው በስተጀርባ፣ ሦስት ቤቶች ፊት ለፊት የሚተያዩበት አንድ ግቢ ነበረ። በአንደኛው ቤት ጥጊቱ የምትባል ልጅ ከእናቷ ከይታክቱ ጋር ትኖራለች። በሁለተኛው ልብስ ሰፊዋ እትዬ አስካለ ትኖራለች። በሦስተኛው አባባ ልየው ከባለቤታቸው ከእማማ የውብዳር ጋር ይኖራሉ። ጥጊቱ ዓይኗ ፈጣን፣ አፏ ዘገምተኛ ነው። ያላየችው ነገር የለም፤ ያየችው ግን ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል።

ከዕለታት አንድ ቀን እማማ የውብዳር አረፉ። ለቀስተኛ ከሩቅ መጣ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤት ፍራሽ አዋሰ። ይታክቱ የጭድ ፍራሿን ሰጠች፤ እትዬ አስካለም ሰጠች። እንግዳው ሦስት ቀን ተኝቶበት፣ በሠልስቱ ማግስት ፍራሹ ወደየቤቱ ተመለሰ። በዚያ ግቢ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፦ ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ዕቃ አይገለበጥም፣ አይራገፍም፣ ክፉም አይነገርበትም። ድስቱ ቢሰነጠቅ «ድሮም ስንጥቅ ነበረው» ይባላል። ብርድ ልብሱ ቢበሳ «ብል በልቶት ኖሯል» ይባላል። ስለ ፍራሹ ምን እንደሚባል ግን ያኔ ገና አልታወቀም ነበር።

ያን ሰሞን የይታክቱ ታላቅ እህት ከገጠር መጥታለች። ስሟ የሻረግ ነው፤ እናትም ልጅም እታለም ይሏታል። ይታክቱን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ለለቅሶ መጥታ፣ ለጥጊቱ ስትል ሰነበተች። ሁለቱ በአንድ ፍራሽ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ውስጥ ይተኛሉ። ጋቢውን እታለም በእጇ ፈትላ ነው ያሠራችው፤ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ጠቅልሎ ይተርፋል። ጠዋት ሲነሡ አንዷ የአንዷን ጀርባ ታካለች። እከክልኝ ልከክልህ የተባለው ለእነሱ ይመስል ነበር።

አንድ ጠዋት የጥጊቱ ክንድ አብጦ ተገኘ። በማግስቱም አበጠ። በሦስተኛው ቀን ይታክቱ፣ እትዬ አስካለ ተቀምጣ ሳለ፣ የልጇን ክንድ ገልጣ አየችና ሳቀች።

«አይ እታለም! ጋቢሽ የገጠር ቁንጫ ጭኖ መጥቶ ልጄን ጨረሳት እኮ!»

የጨዋታ ሳቅ ነበር። እትዬ አስካለም ሳቀች። እታለም ግን አልሳቀችም። ጋቢዋን አጣጠፈች፤ ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለች። «እውነትሽን ነው። አጥቤው ልምጣ» አለች። ከወንዝ ማዶ ዘመድ ቤት ሄደች። ሳምንት አለፈ፤ አልመጣችም። ወር ሊሞላ ተቃረበ፤ አልመጣችም።

ጥጊቱ አይታ ነበር። ክንዷ ላይ ያለው ንክሻ ሦስት ሦስት ሆኖ በመስመር የተደረደረ፣ ልክ የእትዬ አስካለ ስፌት ነው። እግሯ ደግሞ ንጹሕ ነው። አይታ ነበር፤ አልተናገረችም። እታለም ከሄደችም በኋላ መነከሱ አልቀረም። ያኔ ይታክቱም ገባት። ገብቷት ዝም አለች።

እንግዲህ ጥጊቱ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ እታለም ተመልሳ ከጎኗ እንድትተኛ።

አንድ ጠዋት ወንዙን ተሻግራ ሄደች።

«እታለም፣ ተመለሺ። ጎኔ ባዶ ነው።»

«እኔስ በመጣሁ፣ ልጄ» አለች እታለም፣ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ። «ጋቢዬ ነው እምቢ ያለኝ። እሱን ለምኚው።»

ጋቢው አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሰፊው ጠብቧል፣ ለስላሳው ሻክሯል።

«ጋቢ፣ ጋቢ፣ ታረቀን! አንተ ካልታረቅህ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

«አልታረቅም!» አለ ጋቢው። «ሳልነክስ ነካሽ ተባልኩ፤ ሳላጠፋ በፈላ ውሃ ተቀቀልኩ። ቁንጫ አመጣህ ብላችሁኛል። ቁንጫ ራሷ ትምጣና ትመስክርልኝ!»

ጥጊቱ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ቁንጫን የግቢው ውሻ ከሚተኛበት አቧራ ላይ አገኘቻት።

«ቁንጫ፣ ቁንጫ፣ መስክሪ! አንቺ ካልመሰከርሽ ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

ቁንጫ አንድ ጊዜ ዘለለች፤ ይህ ሰላምታዋ ነው። «እኔ ሌባ ነኝ፣ አልክድም» አለች። «ግን የእግር ሌባ ነኝ። ከመሬት ዘልዬ የምደርሰው ቁርጭምጭሚት ነው፤ እዚህም እዚያም ጠቅ ጠቅ አደርግና እንደ ተበተነ ጤፍ ትቼው እሄዳለሁ። ቢንቢ እንደሆነች ጆሮሽ ላይ ሳትዘፍን አትነክስም። ቅማል ከፀጉርና ከልብስ አትርቅም። ሦስት ሦስት አሰልፎ የሚበላ ከፍራሽሽ ስፌት ውስጥ የተደበቀው ትኋን ነው። እሱን አውጪልኝ፣ እመሰክራለሁ። እሱ ሳይወጣማ የቁንጫን ቃል ማን ያምናል?»

ጥጊቱ ቤት ገብታ የፍራሹን ጠርዝ ገለጠች። በስፌቱ ዙሪያ በእርሳስ ጫፍ የተነጠቡ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አሉ። አንሶላው ላይ የደረቀ የደም ጠብታ አለ። ከስፌቱም ውስጥ አንድ ምስር የሚያህል ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር ብቅ ብሎ አያት።

«ትኋን፣ ትኋን፣ ውጣ! አንተ ካልወጣህ ቁንጫ አትመሰክርም፤ ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

«ምን ጎድሎኝ ነው የምወጣው?» አለ ትኋን። «ቤቱ ይሞቃል፤ ሰዉ ያፍራል። የምኖረው በደም ብቻ መሰለሽ? በይሉኝታም ነው እንጂ! ሂጂ፣ ሂጂ። ፍራሹ ስፌቱን ካልከፈተ ንቅንቅ አልልም።»

«ፍራሽ፣ ፍራሽ፣ ስፌትህን ክፈት! አንተ ካልከፈትህ ትኋን አይወጣም፤ ትኋን ካልወጣ ቁንጫ አትመሰክርም፤ ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

ፍራሹ ጭዱን አንኮሻኮሸና ተነፈሰ። «ከለቅሶ ቤት ከመጣሁ ወዲህ የገለበጠኝ የለም። እኔንም ይበላኛል እኮ። ፀሐይ ትምታኝ፣ ያኔ እከፍታለሁ። በጨለማ የሚከፈት ስፌት የለኝም።»

ፀሐይ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ግቢ! አንቺ ካልገባሽ ፍራሽ አይከፈትም፤ ፍራሽ ካልተከፈተ ትኋን አይወጣም፤ ትኋን ካልወጣ ቁንጫ አትመሰክርም፤ ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

«እኔ እስከ ደጃፍ ነኝ» አለች ፀሐይ። «ከደጃፍ ወዲያ የሰው ጓዳ ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ስገባ አይተሽኛል? ፍራሹን እናትሽ ታውጣልኝ።»

ለጋቢ መናገር ቀላል ነው። ለቁንጫ መናገር ቀላል ነው። ለፀሐይም ቢሆን ዓይንን ጨፍኖ መናገር ይቻላል። ለእናት ግን ከበደ። ጥጊቱ ጓዳ ስትገባ ይታክቱ ነጠላዋ ሥር እጇን ከታ ክንዷን ታካለች። ልጇን ስታይ እጇን መዘዝ አደረገች።

«እማ... ፍራሹን እናውጣው። አንቺ ካላወጣሽ ፀሐይ አትመታውም፤ ፀሐይ ካልመታችው ፍራሽ አይከፈትም፤ ፍራሽ ካልተከፈተ ትኋን አይወጣም፤ ትኋን...»

«ዝም በይ!» ይታክቱ በሩን መለስ አደረገችው። «ይህን ቃል ከየት አመጣሽው? እትዬ አስካለ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ፍራሽ ያወጣሁ እንደሆነ ‹ይታክቱ የለቅሶ ቤት ፍራሽ አራገፈች፣ የሐዘንተኛውን ስም አጠፋች› ብላ መንደሩን ትሞላዋለች።»

«...ትኋን ካልወጣ ቁንጫ አትመሰክርም» አለች ጥጊቱ፤ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ ግን አላቆመችም። «ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

የእታለም ስም ሲነሣ ይታክቱ ነጠላዋን ክንዷ ላይ ሳበች። «ያቺ ታውጣ» አለች ወደ በረንዳው በአገጯ እያመለከተች። «እትዬ አስካለ ታውጣ፤ እሷ ካወጣች እኔም አወጣለሁ።»

እትዬ አስካለ በረንዳዋ ላይ መኪናዋን እየረገጠች ትሰፋለች። ቀትር ነው፣ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ እሷ ግን እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳለች።

«እትዬ፣ ፍራሽሽን አውጪው» አለች ጥጊቱ በሹክሹክታ። «አንቺ ካላወጣሽ እማ አታወጣም፤ እማ ካላወጣች ፀሐይ አትመታም፤ ፀሐይ ካልመታች ፍራሽ አይከፈትም፤ ፍራሽ ካልተከፈተ ትኋን አይወጣም፤ ትኋን ካልወጣ ቁንጫ አትመሰክርም፤ ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው።»

የመኪናው ጩኸት ቆመ።

«እናትሽም ቤት አለ እንዴ?!» አለች እትዬ አስካለ። ፊቷ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር አለፈ። «እኔ ብቻ መስሎኝ! ውይ ጥጊቱዬ፣ ትናንትና ላወጣው በር ላይ አድርሼው ነበር። አባባ ልየው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። መልሼ አስገባሁት። ሰውየው በሐዘን እንዲህ ከስተው ሳለ ‹የሚስትዎ ለቅሶ ትኋን አመጣብን› ልበላቸው? ምላሴ ይቆረጥ! እሳቸው ራሳቸው ካላወጡ እኔ አላወጣም። ለእናትሽም እንዳትነግሪያት።»

«እሷም እንዲሁ ነው ያለችው።»

«ምን አለች?»

«ምንም» አለች ጥጊቱ።

ትንፋሽ ልውሰድ፤ አንድ ደጅ ብቻ ቀርቷል።

አባባ ልየው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የባለቤታቸው አርባ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጥጊቱ ፊታቸው ቆማ መሬት መሬቱን አየች። ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፏል፤ የሚወጣ ግን የለም። ያኔ እጃቸውን አየች። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ያካሉ። ከእጃቸው አንጓ እስከ ክርናቸው ድረስ ሦስት ሦስት፣ ሦስት ሦስት፣ አንዳንዱ ደምቶ፣ አንዳንዱ ጠቁሮ።

«አባባ... ክንድዎን ምን ነካው?»

«ሐዘን ነው፣ ልጄ» አሉ አባባ ልየው። «ሐዘን ሰውነት ላይ ይወጣል። እሷ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጎኔ ባዶ ነው። ሲነጋ ደግሞ እንዲህ ሆኜ እገኛለሁ።»

ጥጊቱ ክንዷን ገልጣ ከእሳቸው ክንድ አጠገብ አደረገችው። አንድ ዓይነት ስፌት ነው።

«አባባ» አለች፤ «ሐዘን በመስመር አይነክስም።»

አባባ ልየው ሁለቱን ክንዶች አዩ። የእሷን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። ያኔ የጥጊቱ አፍ ተፈታ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፦

«ትኋን ነው አባባ! እርስዎ ፍራሽዎን ካላወጡ እትዬ አስካለ አታወጣም፤ እትዬ አስካለ ካላወጣች እማ አታወጣም፤ እማ ካላወጣች ፀሐይ አትመታም፤ ፀሐይ ካልመታች ፍራሽ አይከፈትም፤ ፍራሽ ካልተከፈተ ትኋን አይወጣም፤ ትኋን ካልወጣ ቁንጫ አትመሰክርም፤ ቁንጫ ካልመሰከረች ጋቢ አይታረቅም፤ ጋቢ ካልታረቀ እታለም አትመጣም፤ እታለም ካልመጣች ጎኔ ባዶ ነው!»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አሉ አባባ ልየው።

«እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ እኔን የነገረኝ ማን ነው?»

«አፍረን ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ። «ሐዘኔን አከበራችሁ፤ እኔን ለትኋን ገበራችሁ» አሉ። ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከዚያ ተነሡና ማንንም ሳይጠሩ፣ የባለቤታቸው የጎን ጉድጓድ እንዳለበት፣ ፍራሻቸውን እየጎተቱ ወደ ፀሐይ አወጡት።

አባባ ልየው ቢያወጡ፣ እትዬ አስካለ መቀሷን ጥላ የሷን አወጣች። እትዬ አስካለ ብታወጣ፣ ይታክቱ የሷን አወጣች። ይታክቱ ብታወጣ፣ ፀሐይ ወረደችበት። ፀሐይ ብትወርድ፣ ፍራሹ ስፌቱን ከፈተ። ፍራሹ ቢከፈት፣ ትኋን ከነልጅ ልጁ ወጣ።

«ላምባ እንርጭበት!» ጮኸች እትዬ አስካለ።

«ላምባ ለኩራዝ ነው» አሉ አባባ ልየው። «የምታቃጥዪው ትኋኑን ነው ወይስ ቤቱን? ውሃ አፍሊ!»

ጭዱን ከግቢ ውጭ አውጥተው አቃጠሉት። የፍራሹን ልብስና አንሶላውን ቀቀሉት። በየአልጋው መጋጠሚያ የፈላ ውሃ አፈሰሱ። በሳምንቱ ደገሙት፤ እንቁላሉ በአንድ ቀን አያልቅምና። ትኋኑን መጀመሪያ ያመጣው የትኛው እንግዳ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ትኋን መታወቂያ አይዝም።

ትኋን ቢወጣ፣ ቁንጫ ከአቧራዋ ዘልላ «አላልኳችሁም?» ብላ መሰከረች። ቁንጫ ብትመሰክር፣ ጋቢን የሚያስታርቅ ሰው መላክ ብቻ ቀረ። ጥጊቱ ለመሄድ ጫማዋን ስታጠልቅ እናቷ ያዘቻት።

«ተይ። እኔ ነኝ የምሄደው።»

ይታክቱ ወንዙን ተሻገረች። እታለም በር ላይ ጥጥ ትፈትላለች።

«እታለም፣ ቁንጫ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ትኋን ነው። ከለቅሶ ቤት ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ከልጅቷ ጋር ተኝቼ እኔን የሚዘለኝ መሰለሽ?» እታለም እጅጌዋን ትንሽ ሰብሰብ አደረገች። ጠባሳው ደርቋል፤ ሦስት ሦስት ነው።

ይታክቱ እግሯ ሥር ቁጭ አለች። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም? ለምን ጋቢሽን ቀቀልሽው?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሠልስት በወጣ በሳምንቱ፣ በሰው ለቅሶ ላይ? አስካለም ተቀምጣ ነበር። እኔ ዛሬ መጥቼ ነገ የምሄድ ነኝ፤ አባባ ልየው ግን እዚያው ነዋሪ ናቸው። በእኔ ይለፍ ብዬ ነው።» እንዝርቷን አዞረች። «የቀቀልኩት ደግሞ አንቺ ያልሽው እውነት ቢሆንስ ብዬ ነው። አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ ቆሻሻ ካለችኝ፣ እኔም ጥቂት አምኜሽ ነበር።»

ይታክቱ አለቀሰች። እታለም ጀርባዋን ደባበሰቻት፤ ከዚያ እንደ ድሮው አከከችላት።

ጋቢ ቢታረቅ፣ እታለም መጣች። እታለም ብትመጣ፣ የጥጊቱ ጎን ሞላ። አዲስ ጭድ በሞላው ፍራሽ ላይ፣ አንሶላው ነጭ፣ ስፌቱ ንጹሕ ሆኖ ሁለቱ ተኙ። ጋቢው ግን ተቀቅሏል፤ ድሮ ሁለት ሰው ጠቅልሎ የሚተርፈው አሁን አንዷን ሲሸፍን ሌላዋን ይገልጣል። እታለም ወደ ጥጊቱ ትስበዋለች። ጥጊቱ ወደ እታለም ትመልሰዋለች።

ይህም ባልከፋ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እታለም ከገበያም ትምጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ወይም ከአጥር ጥግ፣ ደጃፍ ላይ ሳትቆም አትገባም። ጋቢዋን ከትከሻዋ ታወርድና አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ታራግፋለች።

«እታለም፣ ኧረ በእመቤቴ! ግቢ ዝም ብለሽ» ትላታለች ይታክቱ ከውስጥ።

«ልማድ ነው፣ እህቴ» ትላለች እታለም፤ ትስቃለችም። ከዚያ ትገባለች።

ከጋቢው ምንም አይወድቅም።

ተረቴ እዚህ ላይ ይራገፋል። ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁትን በጊዜው ተናገሩልኝ።